«ወላሂ» ከተባለ በኋላም ኮፈኑ ይከፈት



ኢንጂነሪንግ የገባ ልጅ በዘመዶቹ ዘንድ የሁሉም ነገር ጠጋኝ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለሁ፣ ገና ፊዚክስና ሒሳብ እየተማርኩ፣ ለእረፍት ሮቢት ስገባ የተበላሸ ሬዲዮና ውሃ የማይገፋ የመስኖ ፓምፕ ይጠብቀኝ ነበር። አራተኛ ዓመት ስደርስ የመጣው ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። ጂዳ ሰባት ዓመት ሰው ቤት የሠራችው ታላቅ እህቴ ያጠራቀመችውን ገንዘብ በሚኒባስ ላይ ልታውለው ወሰነች። መኪናው ከሮቢት ቆቦና ወልድያ ይመላለሳል፤ ገቢው እናታችንንና ታናናሾቻችንን ያስተዳድራል። ማን ይምረጠው ሲባል «መካኒካል የሚማረው ወንድሜ አለ አይደል?» አለች።

ጉዳዩ የብዙዎቻችሁን ቤት እንደሚያንኳኳ አውቃለሁ። ከራያ ቆቦ፣ ከሐብሩ፣ ከወረባቦ፣ ከቃሉ የመጣችሁ፣ በየቤታችሁ ዐረብ አገር የከረመ ሰው አለ። ላባቸው አገር ሲገባ ወይ ቤት፣ ወይ ባጃጅ፣ ወይ ሚኒባስ ይሆናል። አዲስ ሚኒባስ ደግሞ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ አይታሰብም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ ተነገረ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ ሃይኤስ አራትና አምስት ባለቤት አሳልፎ፣ ቀለም ተቀይሮ፣ ወንበር ተጨምሮበት፣ እንደገና ለገበያ ይቀርባል።

ቶዮታ ሃይኤስን መሥራት የጀመረው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ሰዎች አሮጌ ሃይኤስ ገዝተው፣ ወንበሩን አውጥተው፣ አልጋና ምድጃ ገጥመውለት አገር ይዞሩበታል፤ ያድሩበታል። እነሱ መንገድ ላይ ቢቆምባቸው ለጓደኛ የሚያወሩት ታሪክ ያገኛሉ። ሮቢት ላይ ቢቆም ግን ስድስት ሰው ራት ያጣል። የሰባት ዓመት ላብ ኮፈን ሥር ነው ያለው ማለት ነው፤ ኮፈኑንም የምከፍተው እኔ ነኝ።

መካኒኩ ከመኪናው ይቀድማል

ሞተር በወረቀት ላይ አውቃለሁ። የመጭመቅ ምጣኔውን አሰላለሁ፣ የሙቀት ዑደቱን እስላለሁ። ሆኖም የሞተርን ድምፅ ሰምቶ የትኛው ፒስተን እንደደከመ መለየት ሌላ ዕውቀት ነው፤ እሱን የያዘው ሠላሳ ዓመት እጁ ዘይት ውስጥ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ መኪና ከመፈለጋችን በፊት መካኒክ እንፈልግ አልኩ።

ያን ጊዜ የቤተዘመዱ ምስክርነት ጎረፈ። «እገሌ ሶላቱን አያጓድልም።» «እገሌ ግማሽ ቁርኣን ሐፍዟል።» «እገሌ የእኛው ሰው ነው፣ አይከዳንም።» እኔ ደግሞ መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን የነገሩን የዑመር (ረ.ዐ.) ታሪክ ትዝ አለኝ። አንድ ሰው ስለ ሌላው መልካምነት ሊመሰክር ይመጣል። ዑመርም ጎረቤቱ ነበርክ ወይ፣ አብረኸው ተጉዘሃል ወይ፣ በዲናርና በዲርሃም ተገበያይተኸዋል ወይ ብለው ይጠይቁታል። ሰውየው ለሦስቱም የለም ይላል። ምናልባት መስጂድ ውስጥ ራሱን ሲያጎነብስና ሲያቀና አይተኸው ይሆናል፣ እንግዲያው አታውቀውም ብለው መለሱት። የዘመዶቼ ምስክርነት በሙሉ ከመስጂድ በር የመጣ ነበር። ገንዘብና ጉዞ ላይ ያየው ማንም የለም።

ስለዚህ ማለዳ ቆቦ መናኸሪያ ሄድኩ። የፈለግኩት የራሳቸውን መኪና ራሳቸው የሚነዱትን ነው። ተቀጣሪ ሹፌር የሚያወድሰው መካኒክ አንዳንዴ ከመለዋወጫው ዋጋ ላይ ለሹፌሩም የሚያቋድስ ነው፤ ባለቤቱ ግን ከራሱ ኪስ ስለሚከፍል የሚያወድሰው ያልበላውን ብቻ ነው። ለሁሉም አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፦ «ባለፈው ዓመት ‹ይሄ አያስፈልገውም፣ ሂድ› ብሎ የመለሰህ መካኒክ አለ?» አብዛኞቹ ሳቁብኝ። ሦስቱ ግን፣ እርስ በርስ ሳይሰማሙ፣ የአንድ ሰው ስም ጠሩ።

ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፤ ጋራዣቸው በቆርቆሮ የታጠረ ትንሽ ግቢ ነው። እኔ ስደርስ ለአንድ የአይሱዙ ባለቤት የወጣውን የፍሬን ሸራ በጨርቅ ጠቅልለው እየሰጡት ነበር። «አሮጌው ያንተ ነው፤ ወስደህ ለፈለግከው አሳይ» ይሉታል። መለዋወጫም ራሳቸው አይገዙም፤ የዕቃውን ስም በወረቀት ጽፈው ባለቤቱን ሱቅ ይልኩታል። ምርጫዬን ለቤት ስናገር አንድ ነገር ቀረበብኝ፤ ጋሼ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። «ከእኛ ሰው ጠፍቶ ነው?» ተባልኩ። እኔም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥን መሆኑን አስታወስኩ። ሙስሊም አልነበረም። መንገዱን ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ግመሎቻቸውን አደራ ተቀብሎ በቀጠሮው ቀን ይዞላቸው መጥቷል። ቁረይሾች ሊይዟቸው በየአቅጣጫው በሚፈልጓቸው ሰዓት ሕይወታቸውን ለሙያውና ለቃሉ ከሰጡት፣ እኛ ሚኒባስ ብንሰጥ ምን ይገርማል? አጎቴ ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

ስለ ክፍያ ስንነጋገር ጋሼ ራሳቸው ቀደሙኝ። «መኪናው ሲገዛ ነው የምትከፍሉኝ ካላችሁ እኔም ደላላ ሆንኩ። ይገዛ ለማለት ምላሴ ይበላኛል። ገዛችሁም ተዋችሁም ለዓይኔ ክፈሉኝ» አሉ። በየመኪናው ቁርጥ ዋጋ ተስማማን፤ የመጀመሪያውን አስቀድመን ከፈልን። ከሻጭም ከደላላም ሳንቲም እንደማይቀበሉ ነገሩን። የሚመረምረውና የሚጠግነው አንድ ሰው ከሆነም ችግር ለማግኘት ይጓጓል ብለው፣ የምንገዛውን መኪና ጥገና ሌላ ጋራዥ እንድናስገምት መከሩን። ይህን ስሰማ የፈለግነው ሰው እሳቸው መሆናቸውን አወቅኩ። ታማኝ ሰው ያገኘ ሁሉ ታማኝነቱን የማይፈታተን ውልም ሊሰጠው ይገባል።

ለእህቴ በድምፅ መልእክት ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሞተሩ አንድም አልጠየቀችኝም። «ለሽማግሌው ከፈላችሁ? በደንብ ክፈሏቸው። ሠርቶ ደመወዝ መለመን ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ» ብላ ዝም አለች። መልእክቱን ደግሜ አልሰማሁትም።

የሞቀ ሞተር

የመጀመሪያው መኪና ወልድያ ነበር። ባለቤቱን በስልክ፣ እኛ ሳንደርስ እንዳታስነሳው ብለን ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ስንደርስ ጋሼ ሰላምታ ሰጥተው፣ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ይፋጃል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በኤሌክትሪክ ብልጭታ አይነሳም። አየሩን አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር ራሱ ከመሞቁ የተነሳ የተረጨው ናፍጣ ይቀጣጠላል። ፒስተኑ፣ ፋሻው ወይም ባልቦላው ካለቀ አየሩ ያመልጣል፤ ሙቀቱም አይበቃም። ይህ ድካም የሚታየው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። አንዴ ከሞቀ በኋላ የደከመውም እንደ ጎረምሳ ይነሳል። ለዚህ ነው ገዢ ከመድረሱ በፊት መኪና የሚሞቀው።

ባለቤቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ እንደመጣ ተናገረ። ሊሆን ይችላል። «እንግዲያው እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን» አልን። ፊቱ ተለወጠ። ወደ ጋሼ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሮ «ወላሂ ይህ ሞተር ተነክቶ አያውቅም። አንተ ሙስሊም አይደለህም እንዴ? በአላህ ምዬልህ ትጠራጠረኛለህ?» አለኝ። በዙሪያችን የቆሙት ሰዎች ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። ከማፈሬ የተነሳ ጆሮዬ ጋለ። የአባቴ እኩያ ነው፤ ጁሙዓም አንድ መስጂድ የምንሰግድበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሸነፋለን። ወንድምን መጠራጠር ሱኡ ዘን ነው ብለን ገንዘቡን ቆጥረን እንሰጣለን። ነገር ግን ዲናችን ራሱ ዕቃ አይታችሁ ግዙ ይላል። በሐዲስ እንደምናውቀው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር ሲያዩ ከላዩ ደርቆ አላለፉትም፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፣ ጣታቸውም እርጥብ አገኘ፣ ባለቤቱንም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግከውም ብለው ገሠጹት። እጅን ክምር ውስጥ መስደድ ሱንና ነው፤ ኮፈን መክፈትም ከዚያ የራቀ አይደለም። የግመልንና የበግን ጡት ለቀናት አስረው ወተት አጠራቅመው ለገበያ ማውጣትንም ከልክለዋል። የገዛ ሰው ካለባት በኋላ ካልወደዳት ከአንድ ሷዕ ተምር ጋር የመመለስ መብት አለው። የራያ ሰው ይህን ያለ ኪታብም ያውቀዋል፤ የምትታለብ ላም ሲገዛ አልቦ ነው። የሞቀ ሞተር ጡቷ የታሰረ ላም ነው።

«አባባ፣ አልተጠራጠርኩዎትም፤ ገንዘቡ የእኔ ስላልሆነ ነው። የእህቴ አደራ ነው» አልኩት። ሻይ ቤት ተቀምጠን ከሦስት ሰዓት በላይ ጠበቅን። ሲቀዘቅዝ ጋሼ የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱ። በሙቅ ሞተር ላይ ይህን ማንም እንዳይሞክር፤ የፈላው ውሃ ፊት ይልጣል። ሞተሩ ብዙ ከለገመ በኋላ ተነሳ። ከማርሚታው ነጭ ጭስ እየተግተለተለ ወጣ፤ በራዲያተሩ አፍ ደግሞ አረፋ ተከታተለ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ በጣታቸው ብቻ አሳዩኝ። አረፋው ከፒስተኑ ክፍል አምልጦ ውሃው ውስጥ የገባ የተቃጠለ ጋዝ ነው፤ ወይ የቴስታታው ጋርኒሲዮን በልቷል፣ ወይ ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። አመስግነን ተነሳን።

ቀለምና ማግኔት

ሁለተኛው መርሳ የነበረ ነው፤ ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል። ጋሼ ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት አውጥተው ጎኑን ዳሰሱት። ላሜራው ላይ ትጣበቃለች፤ ስቱኮ ጋ ስትደርስ ትወድቃለች። ከተንሸራታቹ በር እስከ ኋላ ጎማ ድረስ ወደቀች። ከታች ገብተን ስናይ ሻንሲው ሁለት ቦታ ተበይዷል። መሪውም መጀመሪያ ቀኝ የነበረ ይመስላል፤ ጃፓን ውስጥ መኪና በግራ መስመር ስለሚነዳ መሪው በቀኝ ነው፤ ሲዛወር የቀረው ቀዳዳ ከዳሽቦርዱ ጀርባ በላሜራ ተደፍኗል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር ያሳያል፤ የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ግን እስከ ብረቱ አልቋል። ቁጥር ይመለሳል፣ ፔዳል አይመለስም። አዲስ የተባሉት ጎማዎች ጎናቸው ላይ 2215 ይላል፤ ይህ የተመረቱበት ሳምንትና ዓመት ነው፣ የ2015 እ.ኤ.አ. 22ኛ ሳምንት። ቦሎው ግን የዘንድሮ ነው። ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ መኪና በዚያ ቀን መንገድ ላይ መውጣት ይችላል ማለት ነው፤ ሞተሩ ስንት ዓመት እንደሚቀረው ቦሎ አይነግራችሁም።

ነውሩን ራሱ የነገረን ሰው

ሦስተኛው ቆቦ ውስጥ ነው፤ መልኩ አያምርም። ባለቤቱ ሃያ ዓመት ሹፌር የነበረ ሰው ነው። ሳንጠይቀው ጀመረ፦ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፣ ፍሬኑ ወደ ግራ ይስባል፣ ከካምቢዮው ዘይት ያንጠባጥባል፣ የኋላ ባሌስትራ አንድ ቅጠል ተሰብሮ ተቀይሯል። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ አላውቅም አለ። ይህ «አላውቅም» ከሁሉም በላይ ደስ አሰኘኝ። ቺንጋው ቢበጠስ ባልቦላና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩ ይደቃልና።

ቢሆንም ስለተናዘዘ ምርመራውን አልተውንም። ቆላችን መኪና ይደብቃል። ቆቦና ሮቢት ከባሕር ወለል ወደ 1,450 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ጠዋቱ ስለሚሞቅ የደከመ ሞተርም ይነሳል፣ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ የደከመ ራዲያተርም ይችለዋል። ስለዚህ አላማጣን አልፈን ግራ ካሱን ወጣን። ኮረም እስኪደረስ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ዳገት ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ። ኮረም ላይ ክፍት ድስት 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መኪናን ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ ውሃው ከመቶ ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። ጎሚኒው ያረጀ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፤ ሰው ግን ሞተሩ አለቀ ብሎ ያስፈታዋል።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀት መርፌው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ጋሼ ቆመን እንዲቀዘቅዝ አደረጉ፤ ውሃው ውስጥ አረፋም ዘይትም እንደሌለ አዩ፤ ክዳኑን በጥፍራቸው ነክተው ጎሚኒው የተሰነጠቀበትን አሳዩኝ። ኮረም ላይ ክዳን ገዝተን ገጠምን። ስንመለስ ከአላማጣ እንደገና አስወጡት። መርፌው ከመሐል አልተነቃነቀም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ከፍተው መዳፋቸውን አስጠጉ፤ የሚገፋ ጭስ አልነበረም። «ልቡ ጤነኛ ነው፤ ሌላው ጥገና ነው» አሉ።

የተነገረንንና ያገኘነውን ጉድለት ሁሉ በወረቀት ዘረዘርን፤ የእያንዳንዱን ጥገና ሌላ ጋራዥ አስገምተን ከዋጋው ቀነስን። የሻንሲና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳከርን፤ እዳና እግድ እንደሌለበት አጣራን፤ ዝርዝሩን ከውሉ ጋር አያይዘን ፈረምን። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው። በመድረሳ የተማርነው ኺያሩል ዐይብም ለገዢው ነውር ያለበትን ዕቃ የመመለስ መብት ይሰጠዋል። «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚለው ሐረግ ይህን መብት እስከ ምን ድረስ እንደሚያስቀር ዑለሞች ይለያያሉ፤ እያወቁ ነውር መደበቅ ሐራም መሆኑ ላይ ግን አይለያዩም።

ያየሁትን መናገር አለብኝ?

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ የሮቢት ሰው፣ ለእኛም ጎረቤት የሆነ፣ የወልድያውን መኪና ሊገዛ ቀብድ ሊሰጥ መሆኑን ሰማሁ። ሁለት በሬ ሸጧል፤ ከወንድሙም ተበድሯል።

አጎቴ «ዝም በል» አለኝ። «የሰው ገበያ ውስጥ ምላስህን አታስገባ። ከሻጩ ጋር በለቅሶም በሠርግም እንገናኛለን። ደግሞስ ሰውን በሌለበት ማንሳት ሐሜት አይደለም?» ሐሜቱ እኔንም አሳስቦኝ ነበር። ኢማም አን-ነወዊ ሪያዱስ ሷሊሒን ውስጥ ሰውን በሌለበት ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል፤ አንዱ ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ነው፤ ነውር ያለበት ዕቃ ሲገዛ ያየ ሰውም በዚሁ ይገባል። የሶሐባውን የዋሢላ ኢብኑል አስቀዕን (ረ.ዐ.) ታሪክም አስታወስኩ። አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲሄድ ዋሢላ ተከትለው ለሥጋ ነው ለጉዞ ብለው ጠየቁት። ለጉዞ ሲላቸው ኮቴዋ ቀዳዳ እንዳለው ነገሩት። ገዢው ተመለሰ፤ ሻጩ ዋጋ ቀነሰ፤ ገበያዬን አበላሸህብኝ ብሎም ተቆጣቸው። ግመሏ የዋሢላ አይደለችም፤ ሽያጩም አይመለከታቸውም። ያየ ዓይን ስላላቸው ብቻ ግን ኃላፊነት ነበረባቸው።

ከመግሪብ በኋላ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው አጭበርባሪ ነው አላልኩም፤ የልቡን አላውቅም። «እኔ በሄድኩበት ቀን ቀዝቅዞ ሲነሳ ራዲያተሩ አረፋ ያወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተጠግኖ ሊሆን ይችላል። መካኒክ ይዘህ፣ አቀዝቅዘህ፣ ክዳኑን ከፍተህ እየው» አልኩት። ሄዶ አየ፤ አረፋው እንዳለ ነው። ዋጋው ቀንሶለት ገዛው፤ ቴስታታውን አሠራው፤ ዛሬ ይሠራበታል፣ አልሐምዱሊላህ።

ሻጩ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን በሙሉ አፉ አይመልስም። ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። እናቴ በዚህ ታዝናለች፤ አጎቴም «አላልኩህም?» ይላል። ሰላምታዬን አላቋረጥኩም። እውነት ሲናገሩ ዋጋ እንደሚያስከፍል በኪታብ አንብቤ ነበር፤ ዋጋው የአንድ ሽማግሌ ዝምታ ሲሆን እንዴት እንደሚከብድ ግን ኪታቡ ውስጥ አይታይም።

ለእናንተ

ነገ ከነገ ወዲያ ስልካችሁ ይጮኻል። «አንተ የተማርክ አይደለህ፣ እስኪ እየው» ትባላላችሁ። ጥቂት ነገር ላስይዛችሁ። ከመኪናው በፊት መካኒኩን ፈልጉ፤ ምስክሩን ከመናኸሪያ አምጡ፤ የምርመራ ዋጋውን ቁርጥ አድርጋችሁ፣ መኪናው ተገዛም አልተገዛም ክፈሉት። ሞተሩን ቀዝቅዞ አስነሱት፤ ሲሞቅ ደግሞ ዳገት አውጡት። ጥቁር ጭስ ናፍጣው አየር እንዳነሰው፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚነድ፣ ቶሎ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ወይም ያልነደደ ናፍጣ እንዳለ ይናገራል። ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። የተባባላችሁትን ጻፉ፤ ብድርን ጽፈን እንድንይዝ ያዘዘን ጌታ የሰውን ዝንጉነት ያውቀዋል። ሻጩ «ወላሂ» ካለ መሐላውን አክብሩለት፤ ኮፈኑም ይከፈት። ሁለቱ አይጣሉም።

ከእኛ መካከል ነገ ድልድይ የሚቆጣጠር፣ መድኃኒት የሚመረምር፣ ሒሳብ የሚያዋቅር አለ። ሁላችንም ሌላው ሰው የማያየውን እንድናይ እየተማርን ነው። ያ ዓይን አደራ ነው። ፊርማችንን አምኖ የሚሳፈረው ሰው ኮፈን መክፈት አይችልም፤ አረፋውን ያየነው እኛ ብቻ እንሆናለን። ዝም እንድንል የሚጠይቀንም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰው አይሆንም፤ አጎታችን ነው፣ ጎረቤታችን ነው፣ በለቅሶና በሠርግ የምንገናኘው ሰው ነው።

አላህ በንግዳችን ላይ በረካ ያድርግልን፤ በስደት ያሉትን እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ይጠብቅልን፣ ላባቸውንም በከንቱ አያስቀርባቸው፤ ያወቅነውን የምንናገርበት ድፍረትና የምንናገርበት አደብ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።